“ማጠቢያ ቤት” የተባለው ዝርያ

ሚጢጢ ናት፣ ሌላ ማንም አይደለም፣ የገዛ እህቴ ልጅ፣ በእነዚህ ሳሙና በበላቸው እጆቼ ያሳደግኳት፣ ባዕድ ቢሆን ባዕድ ነው ብዬ እተወው ነበር፣ ያ አለቃዋ ዶክተሩ ብቻውን ቢሆን እሱ ደግሞ የት ያውቀናል እል ነበር፣ ግን ሚጢጢ፣ እናቷ ሞታ ስትመጣልኝ ትርፍ አልጋ አልነበረኝምና ከካውያ ገና በወጣ አንሶላ ክምር ላይ ነበር የማስተኛት፣ ትኩስ፣ ንጹሕ፣ የሹም ልጅ እንኳን እንደዚያ አልተኛችም። አደገች፣ ተማረች፣ ላብራቶሪ ገባች፣ ደም ታነባለች አሉኝ፣ ታንብብ አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ እንጂ። የእኛን ደም አነበበች፣ አንብባ ስትጨርስ በሬዲዮ አዋረደችን።

ይሄ አንሶላ ደግሞ ለብቻ አልታጠፍም አለ። ሁለት ሰው ነው የሚፈልገው፣ አንዱ ከዚያ ጫፍ፣ አንዱ ከዚህ፣ ሳብ፣ ቀረብ፣ አገናኝ፣ ከወዲያ የምትቆመው ዝምታ ነበረች። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፣ እኛ ዝምታ ነው የምንላት፣ ጠዋት ደህና አደራችሁ ካለች ማታ ደህና እደሩ እስክትል ድምፅ የላትም። መቅረት የማታውቅ ልጅ ናት፣ ዛሬ አልመጣችም፣ ትናንትም አልመጣችም፣ ሆዷ ገፍቷል፣ ክኒኗን ትታለች። ክኒኗን ትታለች! አንሶላውን በአገጬ ይዤ አጥፋለሁ፣ ጫፉ መሬት ነካ፣ እንደገና ሊታጠብ ነው፣ ይታጠብ፣ ሌላ ሥራ እንደሆነ የለንም።

እንዲህ አልነበረም የሚጢጢ አመጣጥ። በዚያ በር ገባች፣ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፣ እንደ ልጅነቷ እግሯን እያወዛወዘች፣ አክስቴ አንድ ነገር ላስቸግርሽ አለች፣ ያስቸገርሽኝማ ስትወለጂ ነው አልኳት፣ ሴቶቹ ሳቁ። ኤችአይቪ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ እየተከታተልን ነው አለች፣ እንደ ፖሊስ? አልኳት፣ እንደ ፖሊስ አይደለም፣ ሰውን አይደለም የምንከታተለው፣ ቫይረሱን ነው። እኛ እንግዲህ እዚህ ቤት ያለነው የተዋወቅነው ክሊኒኩ ደጅ ነው፣ ወረፋ ስንጠብቅ፣ እዚያው አግዳሚ ላይ ተማክረን ነው ይሄን ማጠቢያ ቤት ያቆምነው፣ ክኒናችንን ውጠን ሥራ እንገባለን፣ የሞተ የለም፣ ሰነፎቹ እንኳን አልሞቱም። ስለዚህ ሚጢጢ ደም ስትፈልግ ወዴት ትሂድ? ወደ ቤቷ መጣች።

ዝርያው ብዙ ነው አለች። አንዱ ዓይነትና ሌላው ዓይነት አንድ ሰው ገላ ውስጥ ሲገናኙ ይቀያየጣሉ፣ ቫይረሱ ራሱን ሲገለብጥ ግማሹን ከዚህኛው፣ ግማሹን ከዚያኛው ይወስዳል፣ አዲስ ይወጣል። እንደተጣፈ ቀሚስ? አልኳት። እንደዚያው አክስቴ፣ ግን አንዴ ከተሰፋ በኋላ እንደ አንድ ቀሚስ ነው የሚሄደው፣ የተጣፈው እንደተጣፈ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል፣ እሱን የያዘ ሰው ሁለት ጊዜ ተይዟል ማለት አይደለም። ገባኝ። ማንበብ ከፊደል አላለፈልኝም እንጂ ቀሚስ መጣፍ አውቅበታለሁ። ስማችንስ? አልኳት። ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ ነው፣ ማንም አያውቃችሁም። ቃልሽ ነው? ቃሌ ነው አክስቴ፣ ሙች።

ቃሏን ጠብቃለች እኮ! የማናችንም ስም አልወጣም። የሁላችን ስም ነው የወጣው።

ክንዴን አስቀድሜ የዘረጋሁ እኔ ነኝ፣ ኑ፣ ምን ትፈራላችሁ፣ በረኪና የማይፈራ እጅ መርፌ ይፈራል እንዴ፣ የእኛው ልጅ ናት፣ እኔ አለሁ። እኔ አለሁ አልኩ። ያቺ ወፍራሟ ካውያ የምትይዘው፣ ደሜን ወስዳችሁ ወጥ ልትሠሩበት ነው እያለች እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ዝምታ መጨረሻ ላይ መጣች፣ ወደ መርፌው አላየችም፣ ወደ እኔ ነው ያየችው፣ እስኪያልቅ ድረስ ዐይኗን ከፊቴ አልነቀለችም።

ያ ዐይን ነው አሁን የሚገርፈኝ።

ሬዲዮ የገባች ቀን፣ እሱን ቀን ባላየሁት፣ ልጃችን በሬዲዮ ልትናገር ነው ብለን ማሽኑን አጠፋን፣ ውሃውን ዘጋን፣ ውሃ ሲንጠባጠብ እንኳን ወፍራሟ ጨርቅ አስገባችበት፣ ጸጥ፣ አዲስ ሻሽ ያደረገችም ነበረች፣ በሬዲዮ የምትታይ ይመስል። ዶክተሩ ጀመረ፣ ድምፁ እንደ ዘይት፣ ባደረግነው ጥናት ከዚህ ቀደም ያልተመዘገበ ቅይጥ ዝርያ አግኝተናል፣ በሥራ ላይ “ማጠቢያ ቤት” የሚል መጠሪያ ሰጥተነዋል፣ ናሙናዎቹ የተሰባሰቡትና መነሻው ነው ተብሎ የሚገመተው በከተማው ማጠቢያ ቤት አካባቢ ነው። በከተማው ስንት ማጠቢያ ቤት አለ? እኛ ነን። ጠያቂው፣ መድኃኒቱን ይቋቋማል? አለ። በጥናት ላይ ነው አለ ዶክተሩ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ፣ የሥራ ባልደረባዬ ትስማማለች? የእኔ ሚጢጢ፣ በዚያ በቀጭኑ ድምጿ፣ አዎ፣ ልክ ነው፣ አለች። ሳቅም አለችበት፣ ትንሽ፣ እንደሚያፍር ሰው፣ አዎ፣ ልክ ነው፣ ሂሂ።

ወፍራሟ ተነስታ ሬዲዮኑን ዘጋች፣ እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ወጥ ሊሠሩበት ቢሆን ይሻለኝ ነበር አለች።

ከዚያ ወዲህማ። ሆቴሉ አንሶላ መላክ ተወ፣ አልተጣላንም፣ ማሽን ገዝተናል ነው ያሉት፣ ማሽን የገዛ ሰው ታጥቦ የቆየለትን ልብስ ሳይወስድ ይቀራል? ይኸው የእነሱን እያጠፍኩ ነው። ሳሙና ሻጩ፣ ዱሮ እትዬ እትዬ ሲል የነበረው፣ ሳሙናውን ከሩቅ ይገፋልኛል፣ ምን ሆነህ ነው ክንድህ ያጠረ ብለው፣ ወገቤን አሞኝ ነው አለ፣ ወገብህን ያመመህ ምላስህ ወርዶበት ነው አልኩት። መንገድ ላይ ደግሞ ስም አውጥተውልናል፣ ድርብ፣ እነ ድርብ መጡ፣ ሁለት ዓይነት ያለባት ሁለት ወንድ ያላት ናት ማለታቸው ነው። እኔን! ከባሌ በቀር የወንድ ትከሻ የማላውቀውን፣ እሱም አፈር ይቅለለውና አንዱም በዝቶብኝ የኖርኩትን፣ በዚህ ዕድሜዬ ድርብ! ለእኔስ ይሁን፣ እኔ ምላስ አለኝ፣ ተሳዳቢ ቢመጣ ሰድቤ እሸኛለሁ፣ ዝምታ ግን ምን አላት።

አማቷ ናት የጨረሰቻት። ልጇም ክኒን ይውጣል፣ አብረው ነው ክሊኒክ የሚሄዱት፣ ቤቱ ሁሉ ያውቃል፣ ተቻችለው ይኖሩ ነበር። አሁን አማቲቱ ደጅ ወጥታ፣ የእኔ ልጅ ያለበት አንድ ነው፣ ይቺ ሁለተኛውን ከየት አመጣችው? በሆዷ ያለውስ የማነው? ትላለች። ባልየውስ? ባልየው ጣራ ያያል። ትላንት ሄጄ ነበር፣ በሩን ከውስጥ ቀርቅራዋለች፣ በቀዳዳው ነው ያናገርኳት፣ ዝምታዬ፣ ልጄ፣ ክኒንሽን ዋጥሽ? ዝም። ለሆድሽ እዘኚለት እንጂ፣ ካቋረጥሽ እኮ ልጁ ጋ ይደርሳል። ዝም፣ ዝም፣ ከዚያ ያች ድምፅ፣ እማማ፣ ለድርቡ አይሠራም ብለዋል እኮ፣ ታዲያ ምን ያደርግልኛል፣ ክሊኒክ ስሄድ ያዩኛል፣ ይቅር። ይሠራል አልኳት። እርስዎ በምን ያውቃሉ? አለችኝ።

በምን አውቃለሁ። አላውቅማ። እኔ አለሁ ብዬ ግን ያስገባኋት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ላብራቶሪያቸው ሄድኩ። ዘበኛው፣ ማንን ፈልገው ነው እናቴ? ያሳደግኳትን። ስሟን ይንገሩኝ። ነገርኩት፣ በሙሉ ማዕረጓ፣ ብድግ አለ። ኮሪደሩ በረኪና በረኪና ይላል፣ ቀጭን በረኪና፣ የእኛን ቢያሸቱት ያስነጥሳቸው ነበር። ወጣች፣ ጋውኗ አንገቱ ላይ ቢጫ ሆኗል፣ ማን ይጠብልሽ እንግዲህ። አክስቴ! ቁጭ በይ፣ ሻይ ላምጣልሽ? ሻይሽን ለሬዲዮኑ ስጪው። በሩን ዘጋች። ሁልጊዜ እንዲህ ናት፣ ጥፋት ስታጠፋ መጀመሪያ በር ትዘጋለች።

ዛፍ አሳየችኝ፣ ኮምፒውተር ላይ፣ ሥሩ በግራ፣ ቅርንጫፉ በቀኝ፣ ነፋስ የጣለው የመሰለ የተጋደመ ዛፍ፣ እያንዳንዱ ጫፍ አንድ ሰው ነው አለች፣ የሚመሳሰሉት አንድ ቅርንጫፍ ላይ ይሆናሉ። በአንድ በኩል ቀይ ብቻ፣ የቀይ ዘለላ። ይሄ ምንድነው? አዲሱ ዝርያ፣ እናንተ ናችሁ። ለምንድነው እንዲህ የተከመርነው? ደም የሰጣችሁን እናንተ ስለሆናችሁ ነው አክስቴ፣ ከሌላ ሰፈር ያገኘነው እዚህ አንድ እዚያ አንድ ነው፣ ሌላውም እንደ እናንተ ቢሰጠን ኖሮ ቀዩ በየቦታው ይበተን ይሆናል፣ መነሻው የት እንደሆነ በርግጥ አናውቅም። ዶክተርሽስ ይሄን ያውቃል? ያውቃል፣ ጽሑፉ ላይ ሰፍሯል። ሬዲዮኑ ላይስ? የጋውኗን ቁልፍ ትነካካለች። ሬዲዮኑ ላይስ ሚጢጢ? ሰዓት አጠረ፣ አለች።

ሰዓት አጠረ። እኛ ክንዳችንን ስንዘረጋ ሰዓት አላጠረም። ያልሰጠው ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ቁጭ ብሏል፣ ፍርሃቱ አድኖታል፣ የሰጠነው እኛ መነሻ ሆንን፣ ምንጭ ሆንን፣ እንግዲህ ሁለተኛ ማን እጅጌ ይሰበስባል፣ ይሄን እንኳን ለራሳቸው ብለው አያስቡም?

ስሙንስ ማን አወጣው? አልኳት። ዶክተሩ ነው ትለኛለች ብዬ ነበር የጠበቅሁት፣ ለመስማት ጓጉቼ ነበር፣ እሱን እጠላው ነበር፣ አርፌ እጠላው ነበር። እኔ ነኝ አለች። የተመዘገበበት ቁጥር ረጅም ነው፣ ሥራ ላይ ስንሆን አፍ የሚገባ ስም እንሰጣለን፣ እኔ ነበርኩ መጀመሪያ ያየሁት፣ ያን ቀን በጣም ደስ ብሎኝ ነበር፣ ያደግሁበት ነው ብዬ፣ ለክብር ብዬ ነው አክስቴ፣ ከዚህ ክፍል ይወጣል ብዬ አላሰብኩም።

ለክብር! ስሚ እንግዲህ። ልጅ ወልደሽ ማጠቢያ ቤት ብለሽ ብትጠሪው እስቅ ነበር፣ እያመመኝም ቢሆን እስቅ ነበር፣ አንቺ ለበሽታ ሰጠሽው? ያ አንሶላ፣ ያ ሙቀት፣ የእነዚያ ሁሉ ሴቶች ጭን፣ ዩኒፎርምሽን ተራ ገብተው ያጠቡልሽ፣ ይሄ ሁሉ ተጨምቆ ተጨምቆ የወጣልሽ ምስጋና ይሄ ነው? አለቀሰች፣ እንባዋን በጋውኗ እጅጌ ስትጠርግ እጄ መሐረብ ሊያወጣላት ወደ ኪሴ ሄደ፣ እጄን ሰደብኩት። ስሙን ቀይሩት ብዬ ጠይቄያለሁ፣ ታትሟል አሉኝ፣ ሰዉ በዚያ ነው የሚጠራው አሉኝ፣ አክስቴ፣ ልምጣና ለሴቶቹ ላስረዳ፣ አንድ በአንድ። ዝምታ ክኒኗን ትታለች፣ ለድርቡ አይሠራም ተብሎ፣ አልኳት። ደነገጠች፣ ያኔ ነው በእውነት የደነገጠች፣ ይሠራል እኮ! አለች፣ በዚህም ላይ ይሠራል፣ የእናንተው ምርመራ ያሳያል፣ ቫይረሱ ተኝቷል፣ ባለፈው ሳምንት ነው የተረጋገጠው። እና ለማን ነገራችሁ? ጽሑፍ እያዘጋጀን ነው።

ጽሑፍ!

ተነሳሁ። እግርሽ ደጄን እንዳይረግጥ፣ አልኳት፣ ብሞት እንኳን ለቅሶዬ ላይ እንዳትመጪ፣ ብትመጪ ከሬሳ ሳጥኔ ተነስቼ ነው የማስወጣሽ። ዘበኛው ቆሞ አሳለፈኝ፣ ደህና ይዋሉ እናቴ፣ ምኑን ደህና ዋልኩት።

አሁን ይኸው ፀሐዩ ከግድግዳው ወርዷል፣ ገመዱ ባዶ ነው፣ ዱሮ በዚህ ሰዓት በአንሶላ መሐል ሰው አይተያይም ነበር፣ ወፍራሟም ቤቷ ሄደች፣ ልቀመጥ? ለምን እቆማለሁ? ልክ አደረግሁ፣ ልክ ነው ያደረግሁት፣ ያዋረደችኝን ደጄን አትርገጪ ማለት ጥፋት አይደለም፣ ማንም ይጠየቅ፣ ማንን ልጠይቅ፣ ልክ ነኝ። ታዲያ ለምንድነው የዚያች ልጅ ድምፅ የማይተወኝ፣ እርስዎ በምን ያውቃሉ፣ እርስዎ በምን ያውቃሉ።

እኔ ነገ ሄጄ በሩ ቀዳዳ ላይ፣ ይሠራል አሉ፣ ብላት ማን አለ ትለኛለች። የእህቴ ልጅ ናት ያለችው ብል፣ ያቺ ሬዲዮ ላይ የሳቀችዋ? ትለኛለች፣ ባትለኝም ታስባለች፣ አማቲቱማ ትለዋለች፣ ያን የተጣፈ ቀሚስ ነገር እኔ ለአማቲቱ ባስረዳ እስከ ማታ ብንጨቃጨቅ ለድርብ ድርብ ጠበቃ አላት ነው የምትለኝ። የኔ ልጅ ያለበት አንድ ነው ትላለች፣ ማን ነገራት? የሱንስ ደም ማን አነበበው? የተጣፈው ከሱ እንደተጣፈ መጥቶ እንደሆነስ? ከማን ወደ ማን እንደሄደ ደሙ አይናገርም ብላለች ሚጢጢ፣ ይሄን መጀመሪያ ቀን ገንዳው ላይ ተቀምጣ ነግራኛለች፣ ታዲያ ይሄን ማን ይንገራት። ነጭ ጋውን የለበሰ ነው የሚሰማው። ያበላሸው ነው የሚሰማው! እኔ ያሳደግኳት እንጂ የምታስፈልገው፣ እኔ አይደለሁም የማስፈልገው፣ ይሄ ደግሞ ከሬዲዮኑ ይብሳል።

አልሄድም። እሷ ትምጣ እንጂ። እንዴት ትመጣለች፣ አንቺ አሮጊት፣ ደጄን እንዳትረግጪ ባይ አንቺ አይደለሽም? አንዴ የተናገርኩትን ውጬ አላውቅም፣ ባሌ ይመስክር፣ ሞቶም ይመሰክራል። አልሄድም። ሆዷ ግን እየገፋ ነው፣ ለእኔ ኩራት ብሎ አይጠብቅም፣ በውስጥ ያለው እግሩን ያወራጫል፣ ባለፈው እጄን ይዛ አስነካችኝ፣ ሳትናገር፣ እጄን ብቻ ወስዳ እዚህ ጋ አስቀመጠችው። ይቅር አልላትም። ይቅር ማለትና መጥራት አንድ ነው እንዴ? ማን ነው አንድ ነው ያለው? ውሃ የሚሞላ ሰው ጠርተሽ ስታሠሪ ወደድኩህ ትይዋለሽ? ሠራተኛ መጥራት ነው። ሥራ አበላሽታለች፣ ትመልስ።

መጥራቱንስ እጠራታለሁ።

ነግቷል፣ የሚጢጢን በር እየደበደብኩ ነው፣ በመዳፌ፣ በጡጫዬ አይደለም፣ ጎረቤቷ በመስኮት አየኝ፣ ምን ታያለህ፣ ተኛ። ከፈተች። ዐይኗ አብጧል፣ አክስቴ፣ ብላ ልትስመኝ መጣች፣ ጉንጬን አዞርኩባት። ጫማሽን አድርጊ። ወዴት ነው? አድርጊ አልኩሽ፣ ጋውንሽንም ልበሺ፣ ቢጫውንም ቢሆን። አደረገች። መንገዱን ሙሉ ከኋላዬ ነው የምትመጣው፣ አላናገርኳትም፣ አንድ ሁለቴ አክስቴ አለች፣ መንገድሽን እዪ አልኳት፣ ከሱ በላይ ቃል አልወጣኝም፣ አይወጣኝምም። የአማቲቱን በር አንኳኳሁ፣ ነጠላዋን እያጣፋች ወጣች፣ ፊቷ ገና ሳይታጠብ ለጠብ የተዘጋጀ። ደህና አደርሽ፣ ይቺ የእህቴ ልጅ ናት፣ ያን ስም ያወጣችው እሷ ናት፣ ጠይቂያት፣ ሁለተኛው ከየት መጣ ያልሽውን ጠይቂያት፣ ያልገባሽን ደግመሽ፣ ደግመሽ ጠይቂያት፣ ቀጠሮ የላትም። ሚጢጢ ወደ ኋላ ልትል ስትሞክር ክርኗን ይዤ ደፉ ላይ አቆምኳት። የማንንም ስም ሳትጠሪ፣ አልኳት፣ ግን ጮክ ብለሽ፣ በሬዲዮ ድምፅሽ። እኔ በሁለቱ መሐል አልፌ ወደ ውስጥ ገባሁ፣ የጓዳውን በር ልከፍት ስል ቀድሞ ተከፈተ፣ ዝምታ ናት፣ ባዶ እግሯን፣ አንድ እጇ ሆዷ ላይ፣ ጆሮዋ ወደ ደጁ። ደጅ የሚጢጢ ድምፅ ጀምሯል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይንቀጠቀጥ። ውሃ ቀዳሁ፣ ክኒኑን ከትራሷ ስር አወጣሁ፣ አጠገቧ ቆሜ አብሬያት አዳመጥኩ።